ጉዳዩ፦ ከጀርባዬ ዞር እንዲሉልኝ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለክቡር «እኔ አልጫወትም፣ ዝም ብዬ አያለሁ»
ባሉበት፣ ማለትም ከቀኝ ትከሻዬ በላይ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በእርስዎ ምክር ከመሸነፌ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እያልኩ ልዘልቀው አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ኮሌታዬ ውስጥ ፈንዲሻ የሚያራግፍን ሰው አንቱ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አንተ ልበልህ።

ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን እንደምንጫወት ታውቃለህ። አንተ የማታውቀው ነገር የለም። ቼስ አለ፣ ገበጣ አለ፣ ሰው ሞላ ካለ ሪስክ የሚባለው የጦርነት ጨዋታ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ካታን ነው። ቡና ይፈላል፣ ስልክ ወደ ጎን ይቀመጣል፣ ቦርዱ ይዘረጋል። ልክ ዳይስ መወርወር ስንጀምር አንተ ትገባለህ። ወንበር እንስብልሃለን። «ና ተጫወት» እንልሃለን። «አይ፣ እኔ አልጫወትም፤ ዝም ብዬ አያለሁ» ትላለህ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነት የሆነው «አልጫወትም» የምትለዋ ብቻ ናት።

ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋል። ስለዚህ ካታን ምን እንደሆነ ባጭሩ ልናገር። አንተ እስከዚያ ቡናህን ጠጣ። ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ የጥርስ ቴክኒሺያን የፈጠረው ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፣ በዚያው ዓመትም በጀርመን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። አንዲት ደሴት አለች፣ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ 19 ቁራጮች የተገጣጠመች። ከደሴቷ ጡብ፣ እንጨት፣ በግ፣ ስንዴና ድንጋይ ይገኛል። በእነሱ መንገድ ትሠራለህ፣ መንደር ትቆረቁራለህ፣ መንደርህን ከተማ ታደርጋለህ። ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። የጎደለህን ከሌላው ተጫዋች ትለውጣለህ። በእጅህ ያለውን ካርድ ግን ካንተ በቀር ማንም አያየውም። የጨዋታው ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው። ምን እንዳለህ ደብቀህ፣ ምን እንደምትፈልግ አስመስለህ፣ ፊትህን ድንጋይ አድርገህ መደራደር።

አሁን ወደ ባለፈው ቅዳሜ እንምጣ።

ከተማ ለመሥራት ሦስት ድንጋይና ሁለት ስንዴ ይጠይቃል። እኔ ሦስት ድንጋይ ነበረኝ። አንድ ስንዴ ነበረኝ። አንድ የማትረባ በግም ነበረችኝ። የቀረችኝ አንዲት ስንዴ ናት። ኪራይ እንደጎደለው ተከራይ አንገቴን ደፍቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አንድ በግ አለኝ። ስንዴ የምትሰጡኝ ካላችሁ ጥሩ፣ ባትሰጡኝም ግድ የለም» አልኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አዘነችልኝ። ስንዴዋን በሁለት ጣቷ ከካርዶቿ መሀል መዘዘች። ካርዷ ቦርዱን ግማሽ ድረስ ተሻግራለች። እጄን ዘርግቻለሁ።

ያኔ ነው ከላይ የመጣው ድምፅ። «አዎ! አዎ! እሷን ካገኘህ ከተማ ሠራህ ማለት ነው!»

ስንዴዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልጅቷ አየችኝ፣ ቀና ብላ አንተን አየችህ፣ በጣም በትህትና «ይቅርብኝ» አለች። ቀጥሎ ተረኛው ሰባት ጣለ። ሰባት ሲወጣ ሌባው ይንቀሳቀሳል። የጣለው ሰው ሌባውን የፈለገው ቦታ አስቀምጦ ከአንድ ተጫዋች እጅ ሳያይ አንድ ካርድ ይመዛል። ሌባውን የት ልውሰደው ብሎ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። ያለኝን በሙሉ አንተ ነግረህለታል። መጥቶ ድንጋይ የማገኝበት ተራራዬ ላይ ተከለውና አንድ ድንጋይ መዘዘብኝ።

አንተ ምን አደረግክ? ከንፈርህን መጠጥክ።

ስለዚህ ከንፈር መምጠጥ ትንሽ መነጋገር አለብን። ለቅሶ ቤት ሲሆን ያምራል። ከጀርባዬ ቆመህ፣ ካርዴን አይተህ፣ «ምጽ» ስትል ግን ያቺ «ምጽ» ለመላው ጠረጴዛ የወጣች ማስታወቂያ ናት። እጄ ባዶ መሆኑን አወጀች። ጥሩ ካርድ ሲመጣልኝ ደግሞ ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ስበህ «እእ...» ትላለህ። እኔ ፊቴን ለመቆጣጠር ስንት ዓመት የደከምኩበትን ነገር አንተ ባንድ ትንፋሽ ትበትነዋለህ። ሰዎቹ አሁን እኔን ማየት ትተዋል። ቀጥታ ያንተን ፊት ነው የሚያዩት።

ደግሞ አንድ ቦታ አትቆምም። ከእኔ ጀርባ ተነስተህ ዞረህ ከተቃራኒዬ ጀርባ ትሄዳለህ። የሱን ካርድ ታነባለህ። ተመልሰህ ትመጣና በጆሮዬ «እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን አንተን ብሆን ወደዚያ መንገድ አልሠራም» ትላለህ። አሁን ምን ላድርግ? ብሰማህ አጭበረበርኩ፣ ባልሰማህ ተቃጠልኩ። አንድም ነጥብ ሳይኖርህ የሁላችንንም ሚስጥር የያዝክ ብቸኛ ሰው አንተ ነህ። ለተቀመጠ ሰው ሰማይ ቅርቡ ነው ይባላል። አንተማ ሳትቀመጥም ቀርቦሃል።

መኪና ስናቆም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከኋላ ብቅ ብሎ «ና፣ ና፣ ና... ቁረጥ! ፍታ! በቃ!» የሚለውን ልጅ ታውቀዋለህ። ካንተ ጋር ወንድማማች ናችሁ። እሱ ግን ከኋላ ኳ የሚል ድምፅ ሲሰማ ቢያንስ ዞር ይላል። አንተ ባለህበት ቆመህ «አላልኩህም?» ትላለህ። ምክርህ ሲሠራ «አላልኩህም?» ነው። ሳይሠራ ሲቀርም «አላልኩህም?» ነው፤ ያኔ እንኳ ያልከው ሌላ ሆኖ ይገኛል። «እኔ ያልኩህ መጀመሪያ መንገዱን ጨርስ ነው» ትላለህ። መቼ ነው ያልከው? ማን ሰማህ? መንደሩን ሥራ ስትል ግቢው በሙሉ ሰምቷል።

ሪስክ ላይማ ጭራሽ ጄኔራል ትሆናለህ። የዓለም ካርታ ተዘርግቷል፣ 42 ግዛት አለ፣ ሁላችንም ለየራሳችን ሴራ እየሸረብን ነው። በነገራችን ላይ ካርታው ላይ ኢትዮጵያ በስሟ የለችም፣ «ምሥራቅ አፍሪካ» ውስጥ ገብታለች። ይህን የቅኝ ግዛት ሙከራ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ። አንተ ግን ገና ወታደር ሳይደረደር «አውስትራሊያን ያዝ! አውስትራሊያን!» ትላለህ። ምክሩ ስህተት አይደለም። አውስትራሊያ አራት ግዛት ብቻ ናት፣ መግቢያዋም አንድ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ለያዛት በየተራው ሁለት ወታደር ትጨምራለች። ችግሩ ጮክ ብለህ መምከርህ ነው። ሦስት ጦር ባንዴ በመግቢያዋ፣ በሲያም በኩል ተመመ። እኔ ሁለት ወታደሬን ይዤ ምሥራቅ አፍሪካ ቀረሁ።

ይህን ጨዋታ የፈጠረው አልበርት ላሞሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው የወጣው። ሥራው ምን እንደነበር ታውቃለህ? የፊልም ዳይሬክተር። ከኋላ ቆሞ ሌላውን «አንተ በዚህ ሂድ፣ አንተ በዚያ ሂድ» ማለት የለመደ ሰው ማለት ነው። ልዩነታችሁ እሱ በመጨረሻ ፊልም ያወጣ ነበር።

እርግጥ ለፍትህ ሲባል፣ አዲስ ነገር አላመጣህም። ዘርህ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ መጥቶ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ፣ ማለትም የአገራችንን የጥንት ቼስ፣ ሲጫወቱ አይቷል። የጻፈውን ሳነብ አንተን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁህ። ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነበር ይላል። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ድምፅ ነበረው። ጥሩ ነው የሚለውን እንቅስቃሴ ለማሳየት ማንም እጁን ሰዶ የፈለገውን ጠጠር ያነሳ ነበር። ሰንጠረዡ ራሱ ላንተ የተሰፋ ነው። መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚሉት አለ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም ወገን እንደ ፍጥነቱ ያንቀሳቅሳል። እዚያ መሀል አንተ ብትኖር ኖሮ እጅህ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ግን ሶልት አንድ ነገር ጨምሮ ጽፏል፤ እሷን ደጋግመህ እንድታነባት እፈልጋለሁ። ሰዎቹ በዘዴ ብለው በዘዴ፣ እያንዳንዱን ጨዋታ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር። አየህ? ከጀርባ መምከርም ሙያ ነው። እነዚያ አማካሪዎች ጌታቸውን ለድል አበቁ። አንተ ተመክረህ የማታውቅ፣ እኔን ግን መክረህ የምታከስረኝ፣ ምን ዓይነት ባለሟል ነህ?

ዛሬ ግን ዘመኑ ተቀይሯል። የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ሕግ ተጫዋች በጨዋታ መሀል ከማንም ምክር እንዳይቀበል ይከለክላል። ተመልካችም ስለሚካሄደው ጨዋታ እንዳይናገር፣ ጣልቃ እንዳይገባ ይላል። ዳኛው ጥፋተኛውን ከአዳራሽ ሊያስወጣው ይችላል። እኛ ቤት ዳኛ የለም። ያለችው የቤቱ ባለቤት እናት ናት፣ እሷም ባንተ ላይ አትጨክንም። «ተዉት እንጂ፣ ልጁ ሲያግዛችሁ» ትላለች። ሁለተኛ ቡና የሚቀዳውም ላንተ ነው።

ቼስ ላይ እጅህን ስትሰድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የነካኸውን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ይህ የሚሠራው ለተጫዋቹ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንተ ፈረሴን አንስተህ «እዚህ ብታደርገው፣ እሱ እዚህ ሲመጣ፣ አንተ ደግሞ እዚህ...» ብለህ ሦስት ጠጠር ካንቀሳቀስክ በኋላ መልሰህ የምታስቀምጠው የት ነው? ያለፈው ሳምንት ፈረሴ ከነበረበት አንድ ቤት ወደ ግራ አድሮ ተገኘ። ተቃራኒዬ ምሏል፣ እኔም ምያለሁ። አንተ ፈንዲሻ ልትጨምር ሄደሃል። ገበጣው ላይ ያለውንስ ምን ልበልህ? ሁሉም ጠጠር ሜዳ ላይ ነው፣ የሚደበቅ የለም፣ የቀረን በዓይን መቁጠር ብቻ ነው። አንተ እሷንም በጣትህ እየጠቆምክ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ትቆጥርልናለህ።

ውለታህን ግን አልክድም። መብራት የሄደ ቀን ስልክህን አብርተህ ከላይ የያዝክልን አንተ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥህ። ነገር ግን መብራቱ ባንድ ቦታ አይረጋም። ትኩረት እንድሰጠው ወደምትፈልገው ቦታ እየሄደ ይቆማል። አፍህን ዘግተህ በብርሃን መከርከኝ። የስንዴዋን ማሳ አበራህ፣ ወደቡን አበራህ፣ በመጨረሻ የጎረቤቴን ካርድ አበራህ። ልጁ ካርዱን ሆዱ ላይ ለጥፎ «ኧረ በማርያም!» አለ። መጫወት ትተን ሻማ ፍለጋ ተነሳን።

ስለሆነም ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለው ተወስኗል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ትጫወታለህ። ካታን መደበኛው ቢበዛ ለአራት ሰው ነው፤ ቦታ የለም እንዳትለኝ፣ የኔን ወንበር ለቅቄልሃለሁ። በአንድ እጅህ ካርድ ትይዛለህ፣ በሌላው ዳይስ ትወረውራለህ፣ ፈንዲሻ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለህም። ሌባው ተራራህ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ታየዋለህ። አንዲት ስንዴ ጎድላህ ሰው ሁሉ ፊት ትለምናለህ።

እኔ ከጀርባህ ነኝ። ከንፈሬን ከወዲሁ እያለማመድኩት ነው።

ከሰላምታ ጋር
ከቀኝ ትከሻው በታች ያለው

ግልባጭ፦
ለቤቱ ባለቤት፤ ሻማ እንዲገዛ
ለእናቱ፤ ከአክብሮት ጋር፣ ሁለተኛው ቡና ለሚጫወት ሰው እንዲቀዳ
ለስንዴዋ ባለቤት፤ በጓ አሁንም አለች፣ ሰው በሌለበት እንነጋገር