ላስተምራት ብላችሁ ያመጣችኋት ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?

የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልድያ ሰዎች፣ እናንተን ነው። ደላንታ፣ ተንታ ወይም ለጋምቦ ዘመድ ልትጠይቁ ወጥታችሁ፣ «ልጅቷን ስጡኝ፣ ከልጆቼ ጋር አስተምራታለሁ» ብላችሁ ይዛችኋት ስለወረዳችሁት ልጅ ነው የማወራው። ስንተኛ ክፍል ደረሰች?

ሳንንተባተብ የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? የራሳችን ልጅ ሲሆን ግን ደረጃውን፣ የእንግሊዝኛ ውጤቱን፣ የሚያመላልሰውን የባጃጅ ሹፌር ስልክ ሳይቀር እናውቃለን።

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አለ። አንዱ ዩኒፎርሙ ተተኩሶ፣ ምሳ ዕቃው ተቋጥሮ የግል ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ አስጠኚ ይመጣለታል። ዩኒፎርሙን የተኮሰችው፣ ምሳ ዕቃውን የቋጠረችው፣ እስከ በር የሸኘችው ሌላዋ ተማሪ ናት። ምናልባት በሁለት ዓመት ብትበልጠው ነው። እሷ የምትማረው ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ሕፃን አዝላ ስትንቆራጠጥ ውላ ክፍል ስትገባ እንቅልፍ ይጥላታል። እንግዳ የመጣ ቀን ደግሞ «ዛሬ ቅሪ» ትባላለች። ፈተና ይኑራት አይኑራት ማን ጠይቋት! ከዚያ ስትወድቅ «ጭንቅላቷ አይቀበልም» እንላለን። አይ እኛ!

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጥቶ መጽሐፍ ያጠረ ጊዜ እንኳ ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርደን ለልጃችን አሳትመን አስጠረዝንለት። እሷ ስልክ የላትም። የኛን እንዳትነካ ደግሞ ተነግሯታል።

«ኧረ እኛ ቤት እኩል ናቸው» የምትሉ አላችሁ። እሱ «እማዬ» ይላችኋል፣ እሷ «እትዬ»። እሱ ሲያጠና ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ እሷ ደብተር ስትገልጥ ቡና ይፈላል፣ የምታፈላውም እሷው ናት። በረካው ላይ ዱዓ ሲደረግ «ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ አብቃልን» ይባላል። ከሰሉን እያራገበች እሷም አሚን ትላለች። ለመሆኑ ዱዓው ውስጥ አለችበት?

አባወራዎችም የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። ሸሚዛችሁን የምታጥበው ማን ሆነና!

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከላከልለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ከልክሏል። እኛ ግን መውጫ አለችን፦ «የዘመድ ልጅ ናት» እንላለን። ዘመድ ስለሆነች ሠራተኛ አይደለችም፣ ደመወዝም የላትም፤ ስትማር ግን ዝምድናው ይጠፋናል።

«ገጠር ብትቀር ይብስባት ነበር» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የደጋው ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፣ በ2014ቱ ጦርነት የወደመም ብዙ ነው። እናቷም ይህን አውቃ ነው የሰጠቻችሁ። ደመወዝ ያልጠየቀችው እኮ ደመወዙ ትምህርቱ ስለነበረ ነው! በየወሩ የምትከፍሉት ዕዳ አለባችሁ ማለት ነው። ልጅቷ ፊደል ሳይገባት ካደገች የሚጠብቃት የታወቀ ነው፤ ዕድሜዋን አስጨምራ ዓረብ አገር መሄድ፣ እዚያም ያንኑ ልብስና ያንኑ ሕፃን። የሥራ ልምዱን እኛ ቤት አግኝታዋለች።

ስለዚህ ለመስከረም የቀን ትምህርት አስመዝግቧት። መልቀቂያዋን ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ አስልኩላት። ወላጅ ሲጠራ ለእሷም ሂዱላት። ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል የማጥኛ ጊዜ ስጧትና በዚያ ሰዓት ውሃ አምጪ ብላችሁ አትጥሯት፤ ማድጋው እንደሆነ እናንተም አጠገብ ነው። ሥራ ይበዛብናል ካላችሁ ዕድሜዋ የደረሰ ሠራተኛ በደመወዝ ቅጠሩና ልጅቷን ለእናቷ መልሱ። ስትመልሷትም በመኪና አሳፍራችሁ ብቻዋን አትላኳት። አብራችሁ ሂዱና ያለፈባትን ዓመት ለእናቷ ራሳችሁ አስረዱ።