እግርስ ይጾማል?

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮ ወጡ ሲወጣ ለእኔ ሽሮና ጎመን በሌላ ሳህን ቀረበልኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከተውኩ ሦስት ዓመት ስላለፈኝ የሚገረም ሰው አልነበረም። አጎቴ ግን ወደ እግሬ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጫማዬ የበሬ ቆዳ ነው፤ ቦርሳዬም እንዲሁ። የተቀመጥኩበት መደብ ላይ የተነጠፈውም አጎዛ ነበር።

አጎቴ ሰው ለማሳፈር የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ጥያቄያቸውም እውነተኛ ነው። ለበሬው አዝኜ ሥጋውን ከተውኩ፣ ቆዳውን ተጫምቼ መዋሌ ምን ይባላል? ያን ቀን ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን አልተመቸኝም። ከዚያ ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ የደረስኩበትን ነው አሁን የምጽፈው።

እንደ እኔ ያለውን ሰው ውጭ አገር «ቪጋን» ይሉታል። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር፣ ዶናልድ ዋትሰን የሚባል መምህር ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ማኅበር ሲያቋቁም ነው። ማኅበሩ በኋላ ባጸደቀው ትርጉም ውስጥ ከምግብ ቀጥሎ ልብስ በስሙ ተጠቅሷል። ስለዚህ የአጎቴ ጥያቄ ከቪጋንነት ውጭ የመጣ አይደለም፤ ከመነሻው አብሮት ያለ ነው። ያው ትርጉም «እስከተቻለና አቅም እስከፈቀደ ድረስ» የሚል ሐሳብም ይዟል። ይህ ሐሳብ ለብዙ ስንፍና መሸሸጊያ ሆኗል፤ ግን ያለ እርሱ ደግሞ ማንም ሰው አንድ ቀን እንኳ መኖር አይችልም።

እኔ ወደዚህ የገባሁት በእንግሊዝ በር አይደለም። 55ቱን የሁዳዴ ቀናት ጾሜ፣ በፋሲካ ሌሊት መፈሰክ አቃተኝ። በጉ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቀን ታስሮ ሲጮህ ሰንብቶ ነበር፤ ስጸልይም ስተኛም ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጾሙ ሳይፈታ ቀረ።

ነገር ግን የእኛ ጾም ለእንስሳው ሲባል የተሠራ ሥርዓት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሃይማኖቴን ለአቋሜ ምስክር አድርጌ መጥራት አልፈልግም። ጾም የሆድ ብቻ አይደለም፣ ዓይንም ጆሮም አንደበትም ይጹም ሲባል ሰምተን አድገናል። እግር ይጹም ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ከበሮው በቆዳ የተወጠረ ነው። መጽሐፉ ብራና ነው፣ ማኅደሩም ቆዳ። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸው በምርመራ የታወቀ ሲሆን፣ የተጻፉትም በፍየል ቆዳ ላይ ነው። ያ ቆዳ ባይኖር ያ ቃል እኛ ዘንድ ባልደረሰ ነበር። መጥምቁ ዮሐንስም ወገቡን የታጠቀው በጠፍር ነው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያቆመኛል። በኦሪት ዘፍጥረት አዳምና ሔዋን በመጀመሪያ የተሰጣቸው ምግብ እህልና ፍሬ ነበር፤ የቁርበቱን ልብስ የለበሱት ከውድቀት በኋላ፣ ከገነት ሊወጡ ሲሉ ነው። ሊቃውንቱ እንዴት እንደሚተረጉሙት ለእነርሱ ልተወው። እኔ ሳነበው ግን ልብሱ እንደ ምሕረትም እንደ ሐዘንም ሆኖ ይታየኛል።

የአያቴን ቤት አስታውሳለሁ። አልጋው በጠፍር የተጠላለፈ፣ ላዩ ላይ ጀንዲ የተነጠፈበት ነበር። እህሉ በአቁማዳ፣ ዱቄቱ በስልቻ፣ የመንገድ ስንቁ በአገልግል። ያ ቤት በቆዳ ታስሮ የቆመ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ቤት ለቆዳው ተብሎ የታረደ ከብት አልነበረም፤ ከታረደም የተጣለ ቆዳ አልነበረም። ይህን ስል ዘመኑን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ያንን ሁሉ ቆዳ አልፍቶ የሚያመጣውን ሰው «ፋቂ» ብሎ የሚንቅ፣ ልጅ የማይድርለት ኅብረተሰብ ነበር። ዓፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ያለ ነገር አልነበረም። ቆዳውን ለብሰን የሠራውን ሰው መናቃችን ከጫማዬ ይልቅ የሚያሳፍር ታሪክ ነው።

አሁን ግን ቆዳው ራሱ እየተጣለ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል፤ ድሮ በበዓል ዕለት ረፋዱ ላይ «ቆዳ! ቆዳ ያለው!» የሚሉ ገዢዎች በየሰፈሩ ይዞሩ ነበር። የበጉ ቆዳ ገንዘብ ነበር፤ ለአራጁ ወይም ለቤቱ ልጆች ይደርስ ነበር። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ዋጋው ወርዶ ወርዶ፣ ሰው ቆዳውን ቆሻሻ ገንዳ አጠገብና ቦይ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ቆዳ ላይ የ150 በመቶ ቀረጥ የጣለው ቆዳው አገር ውስጥ ተለፍቶ፣ ጫማና ጓንት ሆኖ እንዲወጣ አስቦ ነው። ፋብሪካዎቹ ኬሚካል የሚያስመጡበት የውጭ ምንዛሪ ሲያጥራቸው፣ የበጉም ቆዳ በእከክ እየተበላሸ ጥራቱ ሲወርድ፣ ገዢው ራቀ። በአፍሪካ በቀንድ ከብት ብዛት ቀዳሚ በሆነችው አገር፣ በበዓል ማግስት ቆዳ ቦይ ውስጥ ይሸታል። ሥጋ የማልበላ ሰው ሆኜ ይህን ሳይ ያመኛል። ሕይወቱን ከወሰድንበት በኋላ ገላውን ለውሻና ለዝንብ መተው ለሞቱም ዋጋ አለመስጠት ነው።

ታዲያ ይህ ቦይ ነው ለአጎቴ ወገን ትልቁን ክርክር የሚያቀብለው። «በሬው የታረደው ለሥጋው ነው፤ ቆዳው ተረፈ ምርት ነው፤ ብትለብሺውም ባትለብሺውም እርሱ ሞቷል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ በዛሬው አዲስ አበባ እኔ አንድ ጫማ ስለገዛሁ አንድ በሬ ተጨምሮ አይታረድም። ይህን መካድ አልችልም። ሆኖም ቆዳ ተረፈ ምርት የሚሆነው ዋጋ እስካጣ ድረስ ብቻ ነው። ዋጋ ያገኘ ዕለት ነጋዴው በሬውን ሲገዛ ቆዳውንም ደምሮ ያሰላል። በትላልቅ የውጭ ቄራዎች ቆዳው፣ ቀንዱ፣ አጥንቱ ሳይቀር ተሽጦ ከትርፉ ይገባል። ለአርብቶ አደሩ ስል የቆዳ ዋጋ እንዲያንሰራራ እመኛለሁ፤ ሲያንሰራራ ግን ለአዲስ ጫማ የምከፍለው ብር የበሬው ዋጋ አካል ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ቆዳ አልገዛም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው ሞጆ ለማልፊያ የሚውለው ክሮምና ሰልፋይድ የተባለ ኬሚካል በአግባቡ ሳይጣራ የሚገባበት ወንዝ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል። ከብት የሚጠጣው፣ አትክልት የሚጠጣው ያንን ውኃ ነው።

ከዚህ በፊት የገዛሁትንስ? አጎቴ ያዩት ጫማ የተገዛው ከስድስት ዓመት በፊት፣ እኔም ሥጋ በምበላበት ጊዜ ነው። ሶሉን ሁለት ጊዜ አስቀይሬዋለሁ። አውጥቼ ብጥለው ለየትኛው በሬ ምን ይጠቅመዋል? ብጥለው ንጹሕ የሚመስለው የእኔ እግር ብቻ ነው፤ በሬው ግን እንደገና እንደዚያ የቦይ ቆዳ ይጣላል። እስኪያልቅ ድረስ እጫማዋለሁ። ለሚጠይቀኝም መቼ እንደገዛሁት እነግረዋለሁ።

ጸጉር ያለው ቆዳ፣ ማለትም ፈረንጆቹ ለካፖርትና ለአንገትጌ የሚያውሉት ፈር፣ ለእኔ ሌላ ጉዳይ ነው። ለምን ሌላ እንደሆነ የገባኝ በአህያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የሚፈለገው ቆዳው ነበር፤ ቆዳው ተቀቅሎ ቻይናውያን ለመድኃኒትና ለውበት የሚጠቀሙበት ኤጃኦ የሚባል ሙጫ ይወጣዋል። ሕዝቡ ጮኸ፤ ቄራውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ከጩኸቱ ከፊሉ የአህያ ሥጋ ከበሬ ሥጋ ጋር ይቀላቀልብናል ከሚል ፍርሃት የመጣ ነበር። ሌላው ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ውኃ የምታመጣልን፣ እህል የምትጭንልን፣ በጀርባዋ ስንቱ ቤት የቆመባት ፍጡር ለቆዳዋ ብቻ ልትገደል ነው ሲባል፣ ቪጋን የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ «ይህስ ግፍ ነው» አለ። በዓለም ብዙ አህያ ያለው እኛ አገር ነው፤ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ።

እንግዲህ ያን ጊዜ የጮኸ ሰው ስለ ፈር ሊከብደው አይገባም። ሚንክ የምትባለውን ሙጭልጭላ የምትመስል እንስሳ እናስብ። በሽቦ ጎጆ ውስጥ በፀደይ ትወለዳለች፤ ክረምታቸው ሲቃረብ፣ ጸጉሯ ሲሞላ፣ ዓመት እንኳ ሳትደፍን በጋዝ ትገደላለች። ሥጋዋን የሚፈልግ ገበታ የለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የኮሮና ቫይረስ ከሚንኮች ወደ ሰው ተላለፈ ብሎ የዴንማርክ መንግሥት በአገሪቱ ያሉት ሁሉ እንዲገደሉ አዘዘ፤ ቁጥራቸው ወደ 17 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በጥድፊያ የተቀበሩት ከጥቂት ጊዜ በኋላ እየነፉ አፈሩን ገፍተው ብቅ ብቅ አሉ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ያ ሁሉ ሕይወት ለአንገትጌ ተብሎ መረባቱን ከዚያ በላይ የሚናገር ነገር አላገኘሁም። እንግሊዝ እንስሳን ለፈር ማርባት በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እስራኤል በ2021 ፈር ለፋሽን እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ ለሃይማኖት አገልግሎት የሚውለውን፣ ለምሳሌ አጥባቂ አይሁድ በሰንበት የሚያደርጉትን ባርኔጣ፣ ነጥላ ፈቅዳለች። የእኛን ብራና ሳስብ ይህ ልዩነት ይገባኛል።

እኛም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለንም። የአንበሳ ጎፈርና የነብር ለምድ የጀግና ማዕረግ ነበር። የጉሬዛ ቆዳ ተሰፍቶ ምንጣፍ እየሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ለቱሪስት ይሸጥ ነበር። ጉሬዛን በዛፍ ላይ ሲዘል ያየ ሰው፣ ያ ነጭ ጸጉር ወለል ላይ ተረግጦ ማየት አይወድም።

ከስቶክሆልም አክስቴ የላኩልኝ ካፖርት አንገቱ ላይ የቀበሮ ጸጉር ነበረው። ተለብሶ የቆየ ነው፤ ቀበሮውም ከሞተ ዘመን አልፎታል። «ከጫማሽ በምን ይለያል?» ብትሉኝ፣ ማንም ሰው ያረጀ ጫማዬን አይቶ አይመኝም። የቀበሮው አንገትጌ ግን ሊታይ የተሠራ ነው፤ በለበስኩት ቁጥር ለሚያየኝ ሁሉ «ያምራል» እያልኩ ነው። ስፌቱን ፈትቼ አነሣሁትና ካፖርቱን እለብሰዋለሁ። አንገትጌው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ልቅበረው ወይስ ልመልሰው አልቆረጥኩም።

«ቆዳ ካልለበስሽ ፕላስቲክ ልትለብሺ ነው?» የሚለው ወቀሳ ግን አፌን የሚያስይዘኝ ነው። ገበያውን የሞላው አርቴፊሻል ቆዳ ከነዳጅ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። አንድ ቦርሳ ገዝቼ በሁለተኛው ክረምት እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ፤ ስጥለውም የትም እንደማይበሰብስ አውቄ ነው። የአያቴ ስልቻ ዕድሜ ልክ ይይዛል፣ ሲያልቅም አፈር ይሆናል። ለእንስሳ አዝኖ ወንዙንና አፈሩን መርሳት አይቻልም፤ እንስሳው የሚኖረው እዚያው ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ያለኝን ነው፤ ቀጥሎ ጥጥና ሸራ። በረባሶም አለ። ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠውን፣ የድሃ ጫማ ብለን የናቅነውን በረባሶ፣ ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር በመሠረተችው ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅት አማካይነት ዓለም ገበያ ድረስ ይዛው ወጥታለች። ጎማ ሶልና በእጅ የተሸመነ ጥጥ፤ ለእኔ እግር ይበቃዋል።

ባለፈው ወር እናቴ ከሣጥኗ አንቀልባ አወጣች። እኔ የታዘልኩበት ነው፤ ከእኔ በፊት ደግሞ እርሷ። ዳርና ዳሩ ዛጎል ተሰፍቶበታል፣ መሐሉ በጀርባ ላብ ጠቁሯል። ልጄን ልታዝልበት ፈለገች፤ ግን የእኔን ነገር ስለምታውቅ እጇ ላይ ይዛው ቆመች። «ቆዳ ነው፤ ይቅር?» አለችኝ።

«አይቅር፣ እማዬ» አልኳት። ያቺ ላም ወይም ያ በሬ ከሞተ 60 ዓመት ሳያልፈው አይቀርም፤ ሁለት ትውልድ ተሸክሟል። ደርቆ ስለነበር ማለስለሻ ያስፈልገው ነበር፤ እናቴ እንደ ልማዷ ቅቤ ልትጠይቀኝ ብላ ዝም አለች። ወጥቼ የጉሎ ዘይት ገዝቼ መጣሁ። አሸተተችው፤ እናቷም ቅቤ ሲጠፋ በእርሱ ያሹ እንደነበር ነገረችኝና አንቀልባውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከዳር ጀምራ ማሸት ያዘች።