ማይክ የሌለው መድረክ

«ማይክ የለም እንዴ?» አለችኝ አክስቴ።

ባርሴሎና ነን። ጎቲክ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጠናል። ፊት ለፊታችን አራት ወንበሮች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። በየወንበሩ ፊት የኖታ መደገፊያ አለ። ከሥሩ ደግሞ ግራ እግር የሚያርፍባት ትንሽ መርገጫ። በቃ። ስፒከር የለም፣ ሽቦ የለም፣ ማይክ የለም። ሰዉ ግን ወደ መቶ ሃምሳ ይጠጋል። አክስቴ እዚህ ከተማ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የጊታር ኮንሰርት ግን ገብታ አታውቅም። ዞር ብላ ከኋላ የተቀመጡትን አየች። «እነዚህ ታዲያ በምን ሊሰሙ ነው?»

እኔም መልስ አልነበረኝም። የስፔንን ክላሲካል ጊታር ለዓመታት በኢርፎን ሰምቼዋለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ባቡር ውስጥ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን ይህን ሙዚቃ በአካል ተገኝቶ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ያልሰማ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሰማው ባይ ነኝ። ለራሳችን የክር መሣሪያዎችም ነገሩ ያው ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ሙዚቀኞቹ ወጡ። ሦስት ወንዶች፣ አንዲት ሴት፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ተቀምጠው መቃኘት ጀመሩ። አራት ጊታር፣ ስድስት ስድስት ክር፣ በድምሩ 24 ክር። ናይለን ደግሞ ሙቀትና ቅዝቃዜ ቶሎ ይሰማዋል። ከውጭው ብርድ ወጥቶ ሰው የሞላበት ቤት ሲገባ ቅኝቱን ይለቃል። ስለዚህ አልቸኮሉም። ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ ጊታሯ አስጠግታ አንዱን ክር ነካ ታደርጋለች። መቃኛውን በጣም በትንሹ ታዞራለች። ደግማ ትነካለች። ቅኝቱ ራሱ ሰዉን ያዘው። ማንም «ዝም በሉ» ሳይል ቤቱ ጸጥ ረጭ አለ።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲመጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ አነሰብኝ። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጎጆ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም አይደል? ቆይቶ ምሰሶው ይታያል፣ ቆይቶ መደቡ፣ ቆይቶ ጥግ ላይ ያለው እንስራ። ጆሮም እንደዚያ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲያልፍ ያ ትንሽ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ጣት በወፍራሙ ክር ላይ ሲንሸራተት ሲጥ ማለቱ ይሰማል። ክር በጥፍር ሲመታና በጣት ሥጋ ሲነካ ያለው ልዩነት ይሰማል። ጊታሪስቱ አየር ሲስብ ይሰማል።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለነበርን እጃቸውን በደንብ አይ ነበር። የቀኝ እጃቸው ጥፍር ረዘም ብሎ ተሞርዷል፤ የግራው እስከ ሥጋው ተቆርጧል። ቀኙ ክር ይመታል፣ ግራው ክር ይጫናል። የክላሲካል ጊታር ተጫዋች ጥፍሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ጠርዙ ትንሽ ከሻከረ ድምፁም ይሻክራል። አንድ ሙዚቃ አልቆ ሌላው እስኪጀመር አንደኛው ከኪሱ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አወጣ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ሁለት ጊዜ ፈገፈገው። ከዚያ ጥፍሩን በከንፈሩ ዳሰሰው። ከንፈር ጣት የማያገኘውን ሻካራ ያገኛል መሰለኝ። ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተ።

መሪ የላቸውም። ግራ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው የሚያስጀምራቸው። በአፍንጫው አየር ይስባል፣ አገጩን ከፍ ያደርጋል፣ ሲያወርደው አራቱም እጅ እኩል ይወርዳል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማሲንቆ ወይም ቫዮሊን ድምፁን እየሳበ ማቆየት ይችላል። የጊታር ድምፅ ግን ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየጠፋ ነው የሚሄደው። አራት ሰው እኩል ካልመታ ወዲያው ያስታውቃል፤ ቆርቆሮ ላይ እንደተበተነ ጠጠር ይሆናል። እነዚህ ግን እንደ አንድ እጅ ነበሩ። የአንዱ ድምፅ ሊጠፋ ሲል ሌላው ይቀበለዋል። ዜማው ከግራ ወደ ቀኝ ሲተላለፍ በዓይን መከተል ይቻል ነበር። ይሄን ኢርፎን አይሰጥም።

የኢሳክ አልቤኒዝን «አስቱሪያስ» ተጫወቱ። በጊታር በጣም ስለታወቀ ብዙ ሰው ለጊታር የተጻፈ ይመስለዋል። አልቤኒዝ (1860-1909፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ግን ፒያኒስት ነበር፤ የጻፈውም ለፒያኖ ነው። ፒያኖ ፊት ተቀምጦ የደቡብ ስፔንን ጊታር እያሰበ ነው የጻፈው። አስቱሪያስ የሚለውን ስም እንኳ ከሞተ በኋላ አሳታሚ ነው የለጠፈበት። አስቱሪያስ ሰሜን ስፔን ነው፤ ሙዚቃው ግን የአንዳሉሲያ ነው። ሲጀምር አንዲት ክር ሳታቋርጥ ትመታለች፣ በጣም በቀስታ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት አዘንብሎ ያዳምጣል። ከዚያ በድንገት አራቱም በሙሉ ኃይላቸው ክራቸውን ጠረጉት። አክስቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። ማይክ የሌለው መሣሪያ ሰው ሲያስደነግጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጸጥታው ጥልቅ ስለነበር ነው ድምፁ ትልቅ የሆነው።

ቀጥሎ የፍራንሲስኮ ታሬጋ ዋልትዝ፣ በሦስት ምት የሚሄድ የዳንስ ሙዚቃ፣ መጣ። ታሬጋ ከ1852 እስከ 1909 የኖረ፣ ያረፈውም እዚሁ ባርሴሎና ነው። ዋልትዙ በ1902 የተጻፈ ነው። መሐል ላይ አንዲት አጭር ሐረግ አለች። እሷ ስትደርስ አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። «ይሄማ የኖኪያ ነው!» አዎ፣ የኖኪያ ጥሪ ናት። አገር ቤት በታክሲ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቢሮ ስትጮህ የሰማናት ያቺ ዜማ የዚህ ሰው ናት። በስልክ ስንሰማት ጥድፊያ ነበረች። እዚህ ግን ቀስ ብላ፣ ከሌሎቹ መሐል እንደ አንዲት ተራ ሐረግ አለፈች። አክስቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ በሕይወት እያሉ ከአዲስ አበባ ሲደውሉላት ስልኳ እንደዚያ ነበር የሚጠራው።

በእረፍቱ ሰዓት ውጭ ቆመን ሳለ «በገና በገና ይላል» አለችኝ።

ድምፁ እንኳ አይመሳሰልም አልኳት። በገና እንዚራው፣ ያቺ ከክሩና ከመረማመጃው መሐል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ነዝር ነዝር ታስብለዋለች። ጊታር ጥርት ያለ ነው። «ድምፁን አይደለም ያልኩህ» አለች። «ሰዉን አላየህም? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሰማው።»

እውነቷን ነው። ከዚያም በላይ ዝምድና አላቸው። የበገና አሥሩ ክሮች በባህሉ ከበግ አንጀት ነው የሚሠሩት፤ አሁን አሁን ናይለን የሚያስሩም አሉ። ጊታርም እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቀጫጭን ክሮቹ የአንጀት ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ስለተፈለገ የጊታር ክር ጠፋ። ኒው ዮርክ የነበረው መሣሪያ ሠሪ አልበርት ኦገስቲን ከናይለን ክር ሠራ። ታላቁ ስፔናዊ ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያ አበረታታው፣ ክሩንም ተጫወተበት። ዛሬ ዓለም የሚጠቀመው ያንን ነው። ሌላው ስፔናዊ ናርሲሶ ዬፔስ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ባለ አሥር ክር ጊታር አሠርቶ ነበር የሚጫወተው። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት «አሥር? እንደ በገና?» ብላ ደስ አላት።

ሴጎቪያ ማይክ አይወድም ነበር። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ብዙ ሕዝብ ፊት፣ ብቻውን በአንድ ጊታር ይቀመጥ ነበር። ሰው እሱን ለመስማት ትንፋሹን ይውጣል። ይሄን ሊያደርግ የቻለው ከሱ በፊት አንድ አናጢ ስለነበረ ነው። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ይባላል። በ1817 አልሜሪያ አካባቢ ተወለደ። የጊታሩን ሆድ አሰፋው፣ የፊት ገበታውን አሳሳው፣ ከውስጥ በማራገቢያ ቅርጽ በተዘረጉ ቀጫጭን እንጨቶች ደገፈው። ዛሬ ክላሲካል ጊታር የምንለው ቅርጽ የሱ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከፊት ገበታው ነው ብሎ ያምን ነበር። ይሄንን ለማሳየት በ1862 ጀርባውና ጎኑ ካርቶን የሆነ ጊታር ሠራ። ጊታሩ የባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ነው። በማግስቱ ሄጄ መስተዋቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። አንድ ሰው ኤሌክትሪክ በሌለበት ዘመን፣ አንድን ቀጭን እንጨት ብቻ አምኖ፣ ቤት ሙሉ ሰው ማሰማት ይቻላል ብሎ ዕድሜውን ሰጠ።

አራት ጊታር በአንድ ላይ የሚለውን ነገር ዓለም ያለመደው የሮሜሮ ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል። ሴሌዶኒዮ ሮሜሮ ከነቤተሰቡ በ1957 ከስፔን ወጥቶ ካሊፎርኒያ ገባ። በ1960 ከሦስት ልጆቹ ከሴሊን፣ ከፔፔና ከአንኸል ጋር ኳርቴት፣ ማለትም የአራት ሰው ቡድን፣ አቋቋመ። ዓይነ ስውሩ የሙዚቃ ደራሲ ሆአኪን ሮድሪጎ በ1967 ለአራት ጊታርና ለኦርኬስትራ የጻፈላቸው ሥራ አለ። በኋላ የልጅ ልጆችም ገቡበት። የአዝማሪ ቤት ልጅ ከአባቱ ጉልበት ሥር ማሲንቆ እንደሚማረው ማለት ነው። ስደት ላይ ሆነው መሣሪያቸውን አልጣሉም። ውጭ አገር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደኛ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት በምኖርበት ከተማ አንድ የሐበሻ ዝግጅት ላይ ክራር ተጫዋች ቀረበ። ልጁ ጎበዝ ነው። ክራሩ ላይ ማይክ ተለጠፈለት፣ ማይኩ ፉጨት ጀመረ፣ ፉጨቱን ለማጥፋት ድምፁን ቀነሱት፣ ኪቦርዱ ዋጠው። ጣቱ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ኪቦርድ ብቻ ነው። ሰዉም ያወራል። ምክንያቱም ስፒከሩ እያወራህም ይደርስሃል። ድምፁ ካንተ ምንም አይፈልግም። በዚያ ምሽት ለልጁ አዘንኩ። አሁን ሳስበው ለኛ ለአድማጮቹም ማዘን ነበረብኝ።

ማይክ ጠላት ነው አልልም። ስታዲየም ውስጥ፣ ሠርግ ላይ፣ ድራምና ቤዝ ጊታር ባለበት ያለ ማይክ አይሆንም። ስፔኖቹም ቢሆኑ ጊታር ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ሲጫወት ብዙ ጊዜ ማይክ ያደርጉለታል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ክራርና በገና የተሠሩት ለቅርብ ጆሮ ነው። በገና በተለይ ለአንድ ክፍል፣ ለጥቂት ሰው፣ ለጾምና ለጸሎት ሰዓት የተሠራ መሣሪያ ነው። ስናጎላቸው የምናስተዋውቃቸው ይመስለናል። የምናሰማው ግን የማይኩን ድምፅ ነው። እንዚራው የሚሰጠው ያ ንዝረት በርካሽ ስፒከር ሲመጣ የተበላሸ ሬዲዮ ይመስላል። ከሁለት ሜትር ርቀት ስትሰሙት ግን ደረታችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለዚህ በየከተማው ያላችሁ አዘጋጆች፣ የማኅበር ሰዎች፣ አገር ቤትም ያላችሁ፣ በዓመት አንድ ቀን ሞክሩት። ሰማንያ ወይም መቶ ወንበር ይበቃል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ድንጋይ ወይም እንጨት የሆነ ቤት ፈልጉ፤ ምንጣፍና መጋረጃ የበዛበት አዳራሽ ድምፅ ይበላል። ሦስት አራት ክራር በግማሽ ክብ ይቀመጡ። ሰው ፊት እንዲቃኙ ፍቀዱላቸው፤ ጆሮ የሚከፈተው ያኔ ነው። ቡናው በኋላ ይፈላ። ስልክ ከበር ይዘጋ። ልጆችን አምጡ፤ የዚያን ቀን ከፊታችን የነበረች የስድስት ዓመት ልጅ የምትሆን ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ሳትል ጣቶቹን ስታይ ነበር።

ስፔንም የምትሄዱ ካላችሁ ትኬት ስትቆርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ድምፅ ማጉያ አለው? ከሌለው እሱን ያዙ። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ከፊት ተቀመጡ።

እኛ ጀምረናል። አክስቴ ሳሎኗን ሰጥታለች። ባርሴሎና ውስጥ በገና የሚደረድር አንድ ወጣት አግኝተን ለዐቢይ ጾም፣ ለእሁድ ከሰዓት ቀጥረነዋል። ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ ከጎረቤት ወንበር እንዋሳለን። እሷ እንደቆጠረችው ከሆነ አሥራ አራት ሰው ይይዛል።