ነጻ ገጽ ላይ ያለውን ባነር በኮድ አትደብቁት

ነጻ ሆስቲንግ ላይ፣ ማለትም ለገጹ ቦታ በነጻ የሚሰጥ አስተናጋጅ ድርጅት ጋ፣ ዌብሳይት የሚከፍት ሰው ገጹ ገና ሳያልቅ የሚጠይቀው ነገር አለ። "ይሄን ማስታወቂያ እንዴት ነው የማጠፋው?" ዩቲዩብ ላይ ይፈልጋል፣ ጓደኛ ያስቸግራል፣ በመጨረሻ አንዱ በቴሌግራም ሁለት መስመር ኮድ ይልክለታል። ባነሩ ጠፋ፣ እሱም ደስ አለው። እኔ ግን ይሄን ነገር አልወደውም።

ባነሩ የነጻው ቦታ ኪራይ ነው። የሰፈር ሱቅ ታፔላ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያሠራው የለስላሳ ኩባንያ ከሆነ ጠርሙሱ መሃል ላይ ተንሰራፍቶ ይቀመጣል፣ የሱቁ ስም ጥግ ላይ ይሸጎጣል። ባለሱቁ ይሄን አውቆ ነው እሺ ያለው። ማታ ወጥቶ ጠርሙሱ ላይ ቀለም አይደፋበትም።

ነጻ ገጽና ባነር ደግሞ አብረው ነው ያደጉት (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በኦክቶበር 1994 ሆትዋየርድ የሚባለው ድረ ገጽ በወርድ 468፣ በቁመት 60 ፒክስል የሆኑ ባነሮችን ለጠፈ። በዚያው ዓመት ጂኦሲቲስ ተመሠረተ፣ ትራይፖድና ኤንጅልፋየር ተከተሉ። ሁሉም ለማንም ሰው ቦታ በነጻ ይሰጡ ነበር፣ ገንዘቡን ከማስታወቂያ ለማግኘት። ሰዉም ከመጀመሪያው ጀምሮ ባነሩን ማሳደድ ያዘ። አንዱ ዘዴ ይሄ ነበር፦ አስተናጋጁ የማስታወቂያውን ኮድ ገጹ መጨረሻ ላይ እንደሚጨምር ያወቁ ሰዎች ኖስክሪፕት የሚለውን የኮድ ምልክት (በውስጡ ያለውን ብራውዘሩ አብዛኛውን ጊዜ አያሳየውም) እዚያው ጫፍ ላይ ይከፍቱና ሳይዘጉት ይተዉታል። ብራውዘሩም ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ይውጠዋል፣ ማስታወቂያውንም ጨምሮ። ብልጠት ነው፣ አልክድም። ግን አስተናጋጁ በማግስቱ የኮዱን ቦታ ቢቀይር ዘዴው አበቃለት። ከዚያ የሚመጣው ደግሞ የገጹ መዘጋት ነው፣ ምክንያቱም ማስታወቂያ መደበቅ በአብዛኞቹ ነጻ አስተናጋጆች ውል ላይ የተከለከለ ነው። ያለማስጠንቀቂያ ሊያጠፉት ይችላሉ። ጽሑፉን ሌላ ቦታ ያላስቀመጠ ሰው አለቀለት።

የፖፕ አፕ ታሪክም ከዚሁ ሰፈር ነው የመጣው። ትራይፖድ ቤት ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን በ2014 እንደጻፈው፣ አንድ ትልቅ የመኪና አምራች ባነሩን የወሲብ ይዘት ያለው የተጠቃሚ ገጽ ላይ ሲያየው ተቆጣ። ዙከርማን ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት የሚያደርግ ኮድ ጻፈ። ለዚያ ኮድ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ለእኔ ከይቅርታው ይልቅ የሚገርመኝ ምክንያቱ ነው። አስተዋዋቂው "ስሜ ከማን ጎን ቆመ?" ብሎ ሲጮህ ወዲያው መፍትሔ ተፈለገለት። ባለገጹስ? እሱም እኮ ስም አለው።

ይሄ ጥያቄ ዛሬ እኛ ጋ ነው የሚያመው። የሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ጾም የጻፈው ጽሑፍ ሥር የእግር ኳስ ውርርድ ማስታወቂያ ሲመጣ አንባቢው አስተናጋጁን አይወቅስም፣ ልጆቹን ነው የሚወቅሰው። "ደግሞ በዚህም ገንዘብ ይሠራሉ?" ይላል። ሳንቲም እንዳላገኙበት ማን ይነግረዋል? በዚያ ላይ እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታዩትና ዱባይ ያለችው እህታችሁ የምታየው ማስታወቂያ አንድ ላይሆን ይችላል። አብዛኛው የሚመረጠው አንባቢው ካለበት አገርና ቀድሞ ካየው ነገር ተነስቶ ነው። ባለገጹ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ሳለ ደግሞ ጨርሶ ላይታየው ይችላል። ስለዚህ ገጻችሁን አንዳንዴ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። ፓኬጅ ቆጥቦ የሚጠቀም አንባቢ ለዚያ ማስታወቂያ ዳታ እየከፈለ መሆኑንም አትርሱ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ነጻ ሁሉ አንድ አይደለም። ዎርድፕረስ ዶት ኮም በነጻው ፕላን ላይ የራሱን ማስታወቂያ ያስገባል፣ ሲከፈለው ያነሳል። ዊክስ አናት ላይ የራሱን ስም ይለጥፋል። ብሎገር ግን ማስታወቂያ በግድ አይጭንባችሁም፣ ማድረግ ከፈለጋችሁ እናንተ ናችሁ የምታደርጉት። ጊትሀብ ፔጅስም ማስታወቂያ የለውም፣ ትንሽ ኮድ የመነካካት ድፍረት ይፈልጋል እንጂ። ባነር የሚያናድደው ሰው ከባነር ጋር ከሚታገል ገና ሲጀምር ሌላ ቤት ቢመርጥ ይሻለዋል። ማስታወቂያ ያለበትን ከመረጠ ደግሞ ዲዛይኑን ሲሠራ ቦታ ይተውለት። ሜኑው ላይ ወጥቶ "አግኙን" የሚለውን የሚሸፍን ባነር ብዙ ጊዜ የአስተናጋጁ ጥፋት አይደለም፣ ባነሩ እንደሌለ ተቆጥሮ የተሠራ ዲዛይን ነው።

"ለምን አይከፍሉም?" የሚል አይጠፋም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይከብድም፣ የሚከብደው ዶላሩ ነው። አገር ውስጥ ያለ ሰው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ አሜሪካ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍላል። (እባካችሁ ዶሜይኑ፣ ማለትም የገጹ አድራሻ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። ዘመድ ሲኳረፍ ዌብሳይትም አብሮ ይኳረፋል።) ብዙ ማኅበርና እድር ነጻው ላይ የሚቀረው ወዶ አይደለም።

ለዚህ ነው አስተናጋጆቹንም ዝም ማለት የማልፈልገው። ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባል የለ? ነጻውን ይዘን ብናለቅስ ነውር የለውም። ባነሩ ይኑር፣ ኪራዩን ይሰብስቡ። ግን ባለገጹ "ውርርድ፣ መጠጥና የወሲብ ነገር እኔ ጋ አይውጣ" ብሎ ምልክት የሚያደርግበት አንዲት ሳጥን ይስጡት። አስተዋዋቂው የት እንደማይታይ የመምረጥ መብት ካገኘ ቆይቷል። ቴክኖሎጂውም እዚያው እጃቸው ላይ ነው። ያንን ሳጥን በከፋይ ፕላን ውስጥ ብቻ መቆለፍ ለእኔ ኪራይ አይመስለኝም፣ ማስፈራሪያ ነው የሚመስለኝ።