ስማቸውን አንስታችሁ ሥራቸውን ለረሳችሁ ወገኖቼ

ወገኖቼ ሆይ፣ የፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን ፎቶግራፍ በየሰልፉ ከፍ አድርጋችሁ የምትይዙም፣ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ፊታችሁን የምታጠቁሩም፣ ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። በፖለቲካ ብትራራቁም አንድ ጥፋት ያገናኛችኋል፤ ሰውየውን ሳታውቁ ትፈርዳላችሁ። በፖለቲካ ስላሳለፏቸው የመጨረሻ ሰባትና ስምንት ዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ስትከራከሩ ታድራላችሁ፤ ከዚያ በፊት በሕክምና ስላሳለፏቸው ከ30 የሚበልጡ ዓመታት የሚጠይቃችሁ ቢመጣ ግን ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የምትሉት የላችሁም።

አስራት በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሽስቶች በፈጸሙት ጭፍጨፋ አባታቸውን ሲያጡ ገና 9 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከልጅነታቸው ጥቂቱን ድሬዳዋ አሳልፈው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም እስክንድርያ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ስኮትላንድ ወደሚገኘው የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተልከው ሕክምና ተማሩ። ሐኪም ሆነው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ ተመልሰው ወደ ኤድንብራ በመሄድ በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ፤ በዘመኑ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነበር። እዚያው የመቅረት ዕድል ነበራቸው። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ ገደማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲመሠረት ከቆሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ በኋላም ዲን ሆነው መሩት።

ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ነገር አይደለምና እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወጣት መንገዱ ወደ ውጭ አገር ብቻ ነበር፤ ከሄዱትም ሁሉም አልተመለሱም። ሐኪም እዚሁ አገር ውስጥ ይውጣ ማለት፣ ልጁን ከአስከሬን ክፍሉ አንስቶ እስከ ኦፕሬሽን ክፍሉ ድረስ ዓመታት እየፈጀ የሚያሠለጥን፣ በየማለዳው ከአልጋ አልጋ እየዞረ በሽተኛው አጠገብ የሚያስተምር፣ ተማሪው ቢላውን ሲይዝ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሞ እጁን የሚከታተል መምህር ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ቀዶ ሐኪም በዚህ መንገድ እስኪወጣ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ገብታችሁ፣ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ኢትዮጵያዊ ሐኪም ቀዶላችሁ በሰላም ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ ያ ሐኪም ከማን እንደተማረ፣ የእሱም መምህር ከማን እንደተማረ ብትጠይቁ መልሱ ወደ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ያደርሳችኋል። ይህን ሳታውቁ ፎቶግራፍ መሸከም ምን ይረባል?

በቀዶ ሕክምና ዘንድ የተለመደ አንድ ሥርዓት አለ። የትምህርት ክፍሉ ሐኪሞች በየጊዜው ተሰብስበው የሞቱባቸውንና የተወሳሰበ ጉዳት የደረሰባቸውን በሽተኞች ካርድ ያወጡና፣ ማን ምን ወሰነ፣ መቼ ወሰነ፣ የቱ ጋ ተሳሳተ እያሉ አንድ በአንድ ይመረምራሉ። ፕሮፌሰሩም ከጥያቄ አያመልጡም፣ ጀማሪውም ሐኪም የሠራውን ቆሞ ያስረዳል። ለሞቱት ሰዎች ክብር የሚሰጠው እንደዚያ ነው፤ ስለ እነሱ እውነቱ ይነገራል፤ ቀጣዩ በሽተኛ በዚያው ስሕተት እንዳይሞት። እናንተ ፖለቲካችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ስብሰባ አድርጋችሁ ታውቃላችሁን? ድርጅት ሲፈርስ፣ ሰልፍ ሲከሽፍ፣ ወጣት ሲያልቅ፣ የውሳኔውን ካርድ አውጥታችሁ መሪያችሁን የጠየቃችሁት የት ነው? የጠየቀውን ሰው ባንዳ ብላችሁ ታባርራላችሁ፤ ያልጠየቀውን ታሞግሳላችሁ። ከዚያ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በምርመራና በማስረጃ የኖሩትን ሰው አርአያችን ናቸው ትላላችሁ።

የማስረጃን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ ደርግ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ የጤና መታወክ ነበር። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አስራት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዲህ ያለ ችግር አለመከሰቱን በመግለጽ የደርግን ምክንያት አልተቀበሉም። እኔ ከመላው የፖለቲካ ሕይወታቸው ይልቅ በዚህ አንድ ነገር እደነቃለሁ። ፖለቲከኛ ከመሆናቸው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ያዩትን አላየሁም፣ ያላዩትንም አየሁ ላለማለት የወሰኑ ሰው ነበሩና።

በሰኔ 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የሽግግር ጉባኤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው በተቀመጡ ጊዜም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የኤርትራ መገንጠል እንደ አለቀ ነገር ቀርቦ አዳራሹ በጭብጨባ ሲያሳልፈው፣ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ለመወሰን ከሕዝብ የተሰጠ ውክልና የለም ብለው በግልጽ ተቃወሙ። ከአቋማቸው ጋር የማይስማማ ሰው ይኖራል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አነጋገራቸውን አስተውሉ። ስማቸውን ደብቀው አልጻፉም፤ ማንንም አልሰደቡም፤ ጠመንጃ የያዙ አሸናፊዎች ባሉበት አዳራሽ ውስጥ ተነስተው፣ ፊታቸውን እያሳዩ፣ በምክንያት ተናገሩ። እናንተ ዛሬ በዋሽንግተንም በአዲስ አበባም ተቀምጣችሁ፣ በሐሰት ስም ተሸሽጋችሁ የሰው እናት የምትሰድቡት በእሳቸው ስም ከሆነ እባካችሁ ስሙን ተዉላቸው።

በጥር 1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ በአርሲ ውስጥ በአርባ ጉጉና በሌሎችም ቦታዎች ሰዎች ዐማራ በመሆናቸው ይገደሉና ይፈናቀሉ ነበር። ለአገር አንድነት ሲሟገቱ የቆዩ ሰው በአንድ ሕዝብ ስም ድርጅት ማቋቋማቸው ትክክል ነበር ወይስ የተቃወሙትን የብሔር ፖለቲካ አጠናከረው? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የሚገደልን ሰው የተገደለበትን ስም ጠርቶ መከላከል ግዴታ ይሆናል የሚለው ክርክር ለእኔ ሚዛን ይደፋል፤ ሆኖም ተቃራኒውን የሚያነሳ ሰው ጠላት አይደለም፣ እንዲያውም ጥያቄውን ማንሳት ለሰውየው ከሚሰጥ ክብር የሚቆጠር ነው። አድናቂዎቻቸው ጥያቄውን ከልክላችኋል፤ ጠላቶቻቸው ደግሞ ትምክህተኛ በሚል አንድ ቃል ዘግታችሁታል። በዚህ መሐል 30 ዓመት አለፈ፤ ክርክሩ ከተጀመረበት ቦታ ፈቀቅ አላለም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አስራትን ጨምሮ ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ሲባረሩ ክፍሎቹ ተከፍተው ትምህርቱ ቀጠለ። ከእነዚያ መምህራን የተማራችሁ፣ በእነሱ ፊርማ ዲግሪ የያዛችሁ ሰዎች በየመሥሪያ ቤታችሁ ዝም አላችሁ። በሰኔ 1986 ዓ.ም. የ2 ዓመት እስራት ሲፈረድባቸው፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግር ምክንያት 3 ዓመት ሲጨመርባቸው፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሎ ሲሟገትላቸው፣ የአገራቸው ምሁራን አብዛኞቹ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ እያሉ ልጆቻቸውን ይመክሩ ነበር። ሕዝቡ አዛውንቱን ሐኪም ከፊት አስቀድሞ፣ በርቱልን ብሎ አጨብጭቦ፣ መሸ ብሎ ወደየቤቱ ገባ። እሳቸው የልብና የስኳር ሕመማቸው እየጠና እስር ቤት ቆዩ። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። የአገራቸውን የሕክምና ትምህርት ቤት ካቆሙት አንዱ የሆኑ ሰው በሰው አገር ሆስፒታል ሞቱ። ሬሳቸው ሲመጣ ግን ልቅሶው ታላቅ ነበር፤ በልቅሶ ማን ያማናል!

ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ የሚለውን ምክር የምትሰጡ ወላጆች ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ የከፈላችሁትን ዋጋም አልንቅም። ነገር ግን አስቡት፤ የተማረው ሁሉ ሲርቅ ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም፤ ማስረጃ የማይጠየቅ፣ ስሕተቱንም የማይመረምር ሰው ይይዘዋል። ከተማሩት መሐል አንዱ ድንገት ብቻውን ብድግ ሲል ደግሞ ብቻውን ስለሆነ በቀላሉ ይወድቃል። 40 ሰዎች በተባረሩ ማግሥት 400 ሰዎች በሰላማዊ መንገድ፣ ስማቸውን ጽፈው፣ ለምን ብለው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው መልክ ይቀጥል እንደነበር እጠራጠራለሁ። ሐኪም ሁሉ ድርጅት ይመሥርት ማለቴ አይደለም፤ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ማጣትም ለአገር ጉዳት ነው፣ ፕሮፌሰር አስራት ከኦፕሬሽን ክፍሉ በመለየታቸው ዋጋ የከፈሉት በሽተኞች ጭምር ናቸው። የምለው ለእውነት የሚቆም ሰው በተነሳ ጊዜ ከጎኑ ቁሙ ነው፤ ሲሳሳትም ፊት ለፊት ንገሩት።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ። ባደረጉት ንግግር ወንጀለኛ በተባሉባት ከተማ ወጣቶች በስማቸው በተጠራ ግቢ ሐኪም እየሆኑ ይወጣሉ፤ ይህ ደስ ያሰኛል። እዚያ የምትማሩ ልጆች፣ የግቢያችሁ ስም የማን እንደሆነ ከመፈክር ሳይሆን ከሥራው ተማሩ። በኦፕሬሽን ክፍል አብረዋቸው የቆሙት፣ ከእሳቸው የተማሩት ሐኪሞችና ነርሶች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። በሕይወት ያሉት አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ አሜሪካና አውሮፓ ናቸው። ስልካችሁን አንሱና ደውሉላቸው፤ እንዴት ያስተምሩ እንደነበር፣ በምን ይቆጡ እንደነበር፣ በሽተኛ ሲሞትባቸው ምን ይሉ እንደነበር ጠይቁ፤ የሚሏችሁንም ቃል በቃል ቅዱና ጻፉ፤ የሚያመሰግኑትን ብቻ ሳይሆን የሚወቅሱትንም ጨምራችሁ።