የሚቸኩለው ማን ነው?

የደመወዝ ወለል፣ ማለትም አሠሪ ከዚያ አሳንሶ የማይከፍለው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሕግ ይወሰን ሲባል «ሥራ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። መልሴን ከጤፍ አጨዳ ልጀምር።

ኅዳር ላይ ጤፉ የደረሰበት የደጀን ገበሬ ሰው ፍለጋ ሲወጣ ዋጋ የሚቆርጠው አጫጁ ነው። «ምሳና ጠላው በእርስዎ፣ ብሩም ከትናንቱ ጨመር ይበል» ይላል። ገበሬው ያጉረመርማል እንጂ ትቶት አይሄድም፤ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ የዓመት ልፋቱ ማሳው ላይ ይቀራል። መተማም እንዲሁ ነው። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳልና ከጎጃም የወረደው ሳሉግ፣ ማለትም ለወቅቱ ሥራ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ፣ ያን ሰሞን ይለመናል።

ሐምሌ ላይ ያው አጫጅ ደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር አካፋውን ተደግፎ ይቆማል። ግንባታው በዝናብ ቀዝቅዟል፣ ጎተራው ተሟጧል። አሁን የሚቸኩለው እሱ ስለሆነ የተባለውን ተቀብሎ ይሄዳል። (መንገድ በተዘጋበት ዓመት ደግሞ ወደ መተማ መውረድም አይቻልም።) ጉልበቱ ያው፣ ሙያውም ያው።

«ደመወዝ በሕግ ከጨመረ ሥራ ይጠፋል» ሲባል ይህ ሰው ትዝ ይለኛል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። አራት ሰው የምታሠራ የቡሬ ምግብ ቤት ባለቤት በአንድ ጊዜ እጥፍ ክፈይ ብትባል ዕቃ አጣቢዋን ታሰናብታለች፤ አልፈርድባትም። ነገር ግን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካዋ ግዛት ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ ከጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ጋር አነጻጽረው የምግብ ቤቶቹ ቅጥር ቀንሶ አላገኙትም። ኒው ጀርሲ ጎጃም አይደለችም። ጭማሪው ግን ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር፤ የምወስደው ትምህርት ይህን የጭማሪ መጠን ነው።

የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች የወር ደመወዝ መነሻውን ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አሳደገ። የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ያንኑ አዲስ ዓመት ያለ ምንም ወለል ተቀበለው፤ ሁለቱም እህል የሚሸምቱት ከአንድ ገበያ ነው።

ወለሉ የሚያስፈልገው ለኅዳር ሳይሆን ለሐምሌ ነው። ደመወዝ በመዝገብ ከሚከፍሉት፣ ማለትም ከቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካና ከትልልቅ ሆቴሎች ቢጀመር ቁጥጥሩ ይቀላል። አካፋውን ተደግፎ የቆመው ዘንድ አዋጅ ብቻውን አይደርስም። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ክረምት ላይ ለቦይ ጠረጋ የሚቀጥረውን በወለሉ ዋጋ ቢከፍለው፣ ተቋራጩም ከዚያ አሳንሶ ሰው ለማግኘት ይቸገራል።