ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ተጫወትኩላችሁ

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ ካልሆነ መፈንዳቴ ነው። 15 ዓመት ሙሉ ሠርግ በሉት ልደት በሉት ሬስቶራንት ያልተጫወትኩበት የለም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካገባው ሐበሻ ግማሹ በኔ ሳክስ ነው የጨፈረው (እሺ ትንሽ አጋነንኩ)። ኖታም አነባለሁ። ታዲያ ባለፈው አንድ ፈረንጅ ጓደኛዬ ደውሎ "ሰፈራችን ያለው ቴያትር ቤት ሚውዚካል ሊያሳዩ ነው፣ ሳክስ የሚጫወተው ሰውዬ ታመመ፣ ፒት ውስጥ ትገባለህ?" ሲለኝ እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩት። ሚውዚካል በዘፈንና በጭፈራ የሚሠራ ቴያትር፣ ፒት ደግሞ ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ ሙዚቀኞቹ የሚቀመጡበት ጉድጓድ መሆኑን እያወቅኩ!

መጽሐፉን ላኩልኝ። ሽፋኑ ላይ "ሪድ 2" (ሁለተኛው የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች እንደማለት ነው) ይላል እንጂ ሳክስ አይልም። ገለጥ ሳደርገው አልቶ ሳክስ፣ ክላርኔት፣ ፍሉት፣ ሦስቱም ለአንድ ሰው! የሦስት ሰው ሥራ፣ የአንድ ሰው ክፍያ። ክላርኔት ተማሪ ቤት ከለቀቅኩ ወዲህ አልነካሁም። ለማታውቁት፣ ሳክስ ላይ የኦክታቭ ቁልፉን ስትጫኑ ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፣ ክላርኔት ግን ኦክታቩን አልፎ አምስተኛ ጨምሮ ነው የሚዘለው፣ ማለት በዚያው የጣት አጣጣል ሌላ ኖታ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ጣታችሁ በሳክስ ልማድ ከሄደ አለቀላችሁ። የኔ ሄደ። ልጅቷ መድረክ ላይ እያለቀሰች ቤቱ ጭጭ ባለበት ሰዓት ክላርኔቴ ጭልፊት እንዳየች ዶሮ ጮኸ።

ደግሞ መቀየሪያ ጊዜ ቢሰጡህ ምናለ? 4 ባር (ጥቂት ሰከንድ በሉት) ነው ያለህ። በ4 ባር ውስጥ ሳክሱን አስቀምጥ፣ ክላርኔቱን አንሳ፣ ገጽ ግለጥ፣ ሪዱ (አፉ ላይ ያለችው ቀጭን ሸምበቆ) ደርቋል፣ ክላርኔቱ ኤሲው ስር ተቀምጦ በርዶታል፣ የበረደው ክላርኔት ደግሞ ድምፁ ይወርዳል፣ ኮንዳክተሩ አፍጥጦብኝ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ላይ ያደርጋል። ምን ላድርግ፣ ጋቢ ላልብሰው? ዘፈኑ ደግሞ ለዘፋኟ እንዲመች ኤ ሜጀር ላይ ነው፣ እኔ አልቶው ላይ 6 ሻርፕ፣ ማለት ስድስት ኖታ በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጌ ልጫወት ነው።

ቫምፕ የሚሉት ነገርም አለ። ተዋናዩ ንግግሩን እስኪጨርስ ያቺኑ 2 ባር እየመላለስክ ትጠብቀዋለህ። ይሄማ ሥራችን ነው ብዬ ነበር፣ ሙሽሮች እስኪገቡ ስንት ደቂቃ ችክችካ ላይ ስንዞር ነው የኖርነው! ግን እኛ ስንዞር እናሳምራለን፣ ዘፋኙን ዓይን ዓይኑን እያየን ነው። እዚህ ያቺኑ ሳትጨምር ሳትቀንስ። አራተኛው ዙር ላይ እጄ አላስችል ብሎኝ ትንሽዬ የባቲ ቅኝት ጣል ባደርግ ኮንዳክተሩ ያየኝን አስተያየት እናቴም ልጅ ሆኜ ስኳር ስሰርቅ ይዛኝ አላየችኝም። ዘፋኙን ራሱን የት ታየዋለህ? ጭንቅላትህ ላይ ነው የቆመው፣ ኮቴውን ትሰማለህ፣ ሲጨፍሩ አቧራው ኖታህ ላይ ይወርዳል።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን "ድምፅ ቀንሱ"። በየልምምዱ ቀንሱ! እነሱ እኮ ፊታቸው ላይ ማይክ ለጥፈዋል፣ እኛ ጉድጓድ ውስጥ ነን፣ ከዚህ በላይ ለመቀነስ ወደ ቤቴ መሄድ ነው ያለብኝ።

ማነው ይሄን ያመጣብን ብዬ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳነብ ጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ዋግነር ላይ ደረስኩ። ኦርኬስትራ ከመድረክ ፊት ዝቅ ብሎ መቀመጡን እሱ አልጀመረውም፣ ግን በ1876 እ.ኤ.አ ጀርመን ባይሮይት በከፈተው ቴያትር ጭራሽ ክዳን አበጅቶለት ተመልካቹ አንድም ተጫዋች እንዳያይ አደረገ። ስሙንም "ምስጢራዊ ገደል" አለው። ገደል! እኔ ጉድጓዱ ከብዶኝ ነው የማለቅሰው።

ቅዳሜ አክስቴን ትኬት ገዝቼ ጋበዝኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ቁጭ። ትርኢቱ አለቀ፣ ተዋንያኑ እጅ ነሱ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፣ እኛ ደግሞ ሰው እየወጣ የሚጫወቱት መሸኛ ነገር አለ እሱን እየተጫወትን ነው፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶን መኪና የት እንዳቆመ ያወራል። ዕቃዬን ሰብስቤ ላብ በላብ ሆኜ በር ላይ አገኘኋት።

"የኔ ልጅ እንዴት ያምራል መሰለህ፣ ቀሚሳቸው ብቻ! ምነው አንተ ቀረህ፣ ሥራ ይዞህ ነው?"

ገና ሁለት ሾው ይቀረኛል።